ውድነቱ ሥልጠናውን አያስቀርም

«ሸማቹን ያስመረረው የኑሮ ውድነት ነው፤ ስለ መብቱ የሚሟገቱ ሰዎችን ማሠልጠን የአበል ብክነት ነው» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይታተማል። ውድነቱን ማን ይክዳል? ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ምትክ ወይም ገንዘቡን እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከአሶሳ ገበያ በፀሐይ የሚሠራ መብራት ገዝቶ ወደ ቀበሌው የተመለሰ ገበሬ፣ መብራቱ በሳምንቱ ቢበላሽበትና ይህን ድንጋጌ ባያውቅ፣ ዕድሉን አማርሮ ሌላ ይገዛል። በውድነት ዘመን ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ታዲያ ውድነቱ መብትን ለማወቅ ምክንያት እንጂ ላለማወቅ ሰበብ እንዴት ይሆናል?

«ነጋዴው እምቢ ቢልስ? ደረሰኝ የጠየቀስ ዋጋ ይጨመርበት የለ?» ይባላል። ይጨመርበታል፤ ብቻውን የቆመ ገዢ አቅም የለውም። ተሟጋች የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፦ ማስረጃ የሚያሰባስብ፣ አቤቱታውን ጽፎ እስከ ንግድ ቢሮ አብሮ የሚሄድ። ተቆጣጣሪ በየገበያው ቀን በየቀበሌው ሊገኝ አይችልም። ቋንቋውም ሌላ እንቅፋት ነው፦ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሸማች ግን በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻም ይገበያያል። በሆቴል አዳራሽ ተጀምሮ በአበል የሚያበቃ ሥልጠና ቢነቀፍ እስማማለሁ። የሚሻለው ሠልጣኙን ከዚያው ቀበሌ መርጦ፣ በራሱ ቋንቋ አስተምሮ፣ የመጀመሪያውን አቤቱታ እዚያው ማስጻፍ ነው።