ቁም ሣጥን የገባው ጠርሙስ

ይህን ዓምድ ሰሞኑን ያናደደው አንድ የጥየቃ ወግ ነው። ካንሰሩ አጥንታቸው ድረስ የዘለቀባቸውን እናት ሊጠይቁ የመጡ ዘመድ፣ ራስጌ ያለውን የሞርፊን ጠርሙስ አንሥተው አዩና «እንዴ! ይሄ እኮ ሱስ ያስይዛል» ብለው ልጆቹን ገሠጹ። ልጆቹም ታላቅ አክብረው ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። እናትየዋ ሌሊቱን የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው አነጉት። ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ መልሳቸው «ተመስገን» ነበር።

«ቻይው፣ ያልፋል» ከሚሉ ጠያቂዎች ጋር ይህ ዓምድ ያለው ጠብ የቆየ ነው። የሚያልፍ ሕመም አለ፤ ይሄኛው አያልፍም።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ በ1996 እ.ኤ.አ. ኦክሲኮንቲን የተባለውን የሞርፊን ዘመድ ማስታገሻ ገበያ ሲያወጣ፣ ሻጮቹ ክሊኒክ ለክሊኒክ እየዞሩ ሱስ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም እያሉ ሐኪሞችን ያሳምኑ ነበር። ለዚህ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣች የአንድ አንቀጽ ደብዳቤ ናት፤ ከ11,882 ሕመምተኞች ሱስ የያዛቸው 4 ብቻ ናቸው ትላለች። ሰዎቹ ግን ሆስፒታል ተኝተው፣ በሐኪም ዓይን ሥር መድኃኒቱን ያገኙ ነበሩ። እንክብሉን ቤታቸው ወስደው ለወራት ስለሚውጡ የወገብ ሕመምተኞች ደብዳቤዋ አንድም ቃል የላትም። ኩባንያው በ2007፣ ከዚያም በ2020 ጥፋተኛነቱን አመነ። እስከዚያው ስንቱ ቤት ፈርሷል!

ደጋግሞ ሞርፊን የወሰደ ሰው ሰውነቱ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ በድንገት ቢቋረጥበት ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ሐኪም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስቆመዋል። ሱስ ግን ሌላ ነው፤ ሰውየው ኑሮው እየፈረሰ እያየ መድኃኒቱን ማሳደድ ማቆም ሲያቅተው ነው። ከልክ ያለፈ መጠን ትንፋሽ ስለሚያቆም ጥንቃቄው ቀልድ አይደለም። ጥንቃቄ ማለት ግን መጠኑንና ሰዓቱን መጠበቅ እንጂ የምትሰቃይን እናት መከልከል አይደለም።

ላንሴት መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዓመት ለዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የዚህ ዓይነት ማስታገሻ ድሃ ለሚባሉት አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። እዚያ አሜሪካ በትርፍ ሰው ሲሞት፣ እዚህ በእጦት እየጮኸ ይሞታል።

ኡጋንዳ ይህን ቀድማ ነው የተረዳችው። የሞርፊን ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ፣ በጠርሙስ ሆኖ ለሕመምተኛው ይሰጣል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች እንዲያዙት ተፈቅዷል። ሐኪም በሌለበት ገጠር ለሚያጣጥር ሰው ይህ ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ ያስታመመ ያውቀዋል።

መፍራት ከተፈለገስ ትራማዶል የተባለው ማስታገሻ አለ። ናይጄሪያን፣ ጋናንና ግብፅን ያስጨነቀው፣ ብዙ ወጣት ያጠመደው እሱ ነው። ከልክ ሲያልፍ ያንዘፈዝፋል። ወገቡን የሚያመው ሹፌር «ሁለት ፍሬ ስጠኝ» ብሎ ያለ ማዘዣ ሲገዛ፣ ጎረቤት ከቀዶ ሕክምና የተረፈውን ለጎረቤት ሲያካፍል፣ «ሱስ ያስይዛል» የሚል ዘመድ አይገኝም። ባለ ፋርማሲው ማዘዣውን ይጠይቅ፤ ተግሣጹም ወደዚያ ይዙር።