ለከተራ ሁላችንም እንውረድ



ጥር 10 ቀን ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። በዓሉን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዚህ ቀን ቤት የሚቀር ሰው የለም እንላለን። ግን አለ።

አምና በዊልቸር የሚሄድ ጎረቤታችን ከበሩ ወጥቶ ቦዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። መሻገሪያ ብለን ድንጋይ የደረደርነው እኛው የማኅበሩ ሰዎች ነን፤ እግር ይረግጠዋል፣ ጎማ ግን አያልፈውም። ጥፋቱ የኛ ነው። ወጣቶች ከነወንበሩ ተሸክመው አሻገሩት፤ ደግ ሠሩ። ነገር ግን ከሕዝቡ ኋላ ስላስቀመጥነው የሰው ጀርባ ሲያይ ዋለ። ሲመለስ «እልልታውን ሰማሁ፣ ታቦቱን ግን አላየሁም» አለን። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለባት በሰበታ ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

ዘንድሮ እንዲህ አይሁን። አንደኛ፣ ሳንቃ ያላችሁ እስከ ጥር 8 አምጡልን። መወጣጫው ከፍታው አንድ ስንዝር ከሆነ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ስንዝር ይሁን፤ ካጠረ ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ የተቀመጠ ሰው ማንንም አይጋርድምና ከፊት ይሁን። ሦስተኛ፣ «ልግፋ ወይ?» ሳትሉ ወንበሩን አትያዙ።

ይህ ምጽዋት አይደለም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 በባህል መሳተፍ መብት ነው ይላል። ለታቦት እየተሯሯጠ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ወጣት ሞልቶን፣ ሁለት ሳንቃ እንዴት ያቅተናል?

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሰበታ