የፊት ጥገና የቅንጦት ሕክምና አይደለም

«ፕላስቲክ ሰርጀሪ» የተባለው የሕክምና ጥበብ ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው አፍንጫቸውን ለማሳመርና ዕድሜያቸውን ለመደበቅ ገንዘብ የሚያፈሱትን ባለጸጎች ነው። አንዳንዱም በቆዳ ምትክ ላስቲክ የሚለጠፍ ይመስለዋል። ነገር ግን ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መቅረጽ ማለት ነው፤ ሐኪሙም የሚቀርጸው የበሽተኛውን የራሱን ሥጋና ቆዳ ነው።

ይህ ጥበብ በሰፊው የተስፋፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በምሽግ ውጊያ ራሱን ብቅ ያደረገ ወታደር ሁሉ ፊቱን ይመታ ስለ ነበር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሲድከፕ ከተማ ለፊት ቁስለኞች የተለየ ሆስፒታል ተከፈተ። የሥራው መሪ በኒውዚላንድ የተወለደው ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ ነበር። እርሱም ከቁስለኛው ደረት ወይም ትከሻ ቆዳ አንሥቶ እንደ ቱቦ ይጠቀልለውና፥ አንደኛው ጫፍ ከነደም ሥሩ እንደ ተያያዘ ሁለተኛውን ከፊቱ ጋራ ይሰፋው ነበር። ፔኒሲሊን ባልነበረበት በዚያን ዘመን ይህ ዘዴ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ረድቷል። በከተማይቱ መንገድ ዳር ግን አንዳንድ አግዳሚ ወንበሮች ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ ይኸውም በዚያ የሚቀመጠውን ቁስለኛ አይቶ አላፊ አግዳሚው እንዳይደነግጥ ነው። ፊቱ የተጎዳ ሰው ከቁስሉ ሌላ የሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚያቆስለው ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ ይህን ጥበብ የሚሻው የጦር ሜዳ ቁስለኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 2023 ዓ.ም. «ኖማ» የተባለውን በሽታ ችላ ከተባሉት የሐሩር አገሮች በሽታዎች መዝገብ አግብቶታል። ኖማ የሚይዘው ይበልጡን ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን፥ ምግብ ያነሳቸውንና ኩፍኝ ወይም ወባ ያደከማቸውን ሕፃናት ነው። በመጀመሪያ ድዳቸው ያብጣል፥ ይደማል፥ አፋቸውም ይሸታል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጫቸው ጠቁሮ ይበሳል። ካልታከሙ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። የተረፈውም መንጋጋው ተጋጥሞ መብላትና መናገር ይቸግረዋል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሆኖ ሳለ፥ እንደ እርግማን እየተቆጠረ ሕፃኑ ከጎረቤት ይደበቃል።

በአገራችንም የኖማ ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች አዲስ አበባ መጥተው ከውጭ አገር በመጡ ሐኪሞች ታክመዋል፤ የየካቲት 12 ሆስፒታልም ቃጠሎና የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል አለው። ይሁን እንጂ የተበሳ ጉንጭ መልሶ መሥራት ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ኦፐራሲዮንና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። በሽታው ገና በድድ ላይ ሳለ ግን አንቲባዮቲክ፥ የአፍ ንጽሕናና በቂ ምግብ ሕፃኑን ያድኑታል። አውሮፓም ከኖማ የዳነችው በቢላዋ ሳይሆን የሕዝቧ ኑሮ በመሻሻሉ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በናዚ እስር ካምፖች ረኃብ ሲጸና በሽታው ተመልሶ ታይቷልና።

እንግዲህ ሁለት ግዴታዎች አሉብን። አንደኛው፥ ፊቱ ለተጎዳው ወገን ቀዶ ሕክምናውን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ተሰበረ እግር ጥገና ቆጥረን በጀትና ሐኪም መመደብ ነው። ሁለተኛው ጉዳቱን አስቀድሞ መከላከል ነው። በመዝገብ መግባት ብቻውን ሕፃን አያድንም። ከትምህርት ቤት ወጥቶ በየወረዳው የሚመደበው ወጣት፥ ድዱ የሚደማ ሕፃን ከጓዳ ወጥቶ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ቢያደርግ፥ አንድ ፊት ከነሙሉ መልኩ ያተርፋል።