ርካሹ ስልክ በምን ይመዘን?

በመደብር ውስጥ ሁለት ተንቀሳቃሽ ስልኮችን የሚያነጻጽር ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ጥራትና ስለ መረጃ መያዣው ስፋት ነው። ጥያቄው በራሱ ስሕተት የለበትም። ይሁንና በገጠር ለሚኖሩ ወላጆቻችን ባለ ቁልፉን ርካሽ ስልክ ስንገዛም ይህንኑ መመዘኛ ይዘን መሄዳችን አግባብ አይመስለንም። መሣሪያ የሚመዘነው በሚሠራው ሥራ ነውና።

ለአብነት እ.ኤ.አ. በ2003 ለገበያ የቀረበውን ኖኪያ 1100 እንመልከት። ካሜራ የለውም፤ ባለ አንድ ቀለም ማሳያውም 96 በ65 ነጥቦች ብቻ አሉት። ሆኖም ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ሠሪዎቹ ያተኮሩት አቧራ በማያስገባ የቁልፍ ሰሌዳ፣ ከእጅ በማያመልጥ ሽፋንና በአናቱ ላይ በተተከለች ትንሽ መብራት ላይ ነበር። መብራት በሌለበት መንደር ይህች መብራት ከካሜራ ትበልጣለች።

ባትሪውንም በስሌት እንፈትሽ። የተጻፈበት መጠን 850 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሲሆን፣ ሳይነጋገሩበት እስከ 400 ሰዓት እንደሚቆይ አምራቹ ገልጾ ነበር። 850ን ለ400 ብናካፍል በአማካይ 2 ሚሊ አምፔር ገደማ ብቻ እንደሚወስድ እንረዳለን። ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ ያንቀላፋል፤ ጥሪ መኖሩን ለማዳመጥም ለቅጽበት ይነቃል። የዛሬው ስማርት ፎን 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢኖረውም በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መሞላት የሚያሻው፣ ሰፊው ባለ ቀለም ማሳያና ያለ ዕረፍት የሚሠሩት ፕሮግራሞች ኃይሉን ስለሚሻሙት ነው። የኔትወርክ ማማው ሩቅ በሆነበት ሥፍራ ማንኛውም ስልክ በከፍተኛ ኃይል ስለሚያሠራጭ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰዓት እንደሚያጥርም ገዢው ሊያውቅ ይገባል።

ሌላው የሚዘነጋ መመዘኛ ፊደላችን ነው። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት 1,120 ቢት ይይዛል። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚወከል 160 ፊደላት ይገባሉ፤ የግዕዝ ፊደል ግን በ16 ቢት ስለሚወከል የሚገቡት 70 ብቻ ናቸው። «ሰላም» በፊደላችን ሦስት፣ በላቲን አምስት ሆሄያት ስለሚፈጅ ጉዳቱ ቁጥሩ የሚያስመስለውን ያህል አይከፋም። የሚከፋው ስልኩ ፊደሉን ጨርሶ ማሳየት ተስኖት ባዶ ሣጥኖችን ሲደረድር ነው። አማርኛ ብቻ ለሚያነቡ እናት እንዲህ ያለው ስልክ ግማሽ ስልክ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት አንድ የአማርኛ መልእክት ልከን እንፈትነው።

በርግጥ በባለ ቁልፉ ስልክ መጽሐፍ ማንበብም ሆነ በቪዲዮ መማር አይቻልም፤ ለተማሪ ይበቃዋልም አንልም። ነገር ግን ገበሬው እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረው የ8028 የስልክ መስመር የግብርና ምክር የሚሰማው በዚሁ ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በተጀመረው ቴሌብርም *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ገንዘብ መላክ ይቻላል። እነዚህ አገልግሎቶች የተስፋፉት ንድፋቸው ከዝቅተኛው ስልክ አቅም ስለተነሣ ነው።

በመሆኑም ነገ ፕሮግራም የምትጽፉና አገልግሎት የምትነድፉ ተማሪዎች ይህን እንድታስቡበት አደራ እንላለን። የሠራችሁትን በእጃችሁ ባለው ውድ ስልክ ብቻ አትፈትኑት። በእናታችሁ ስልክ ላይ ካልሠራ ሥራው ገና አላለቀም።