ዕጣውና ዓላማው

የስፔን ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ኦንሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል ተቋቁሞ፣ ኩፖን የተባለውን የዕጣ ትኬት ዓይነ ስውራን ራሳቸው እንዲሸጡ በማድረጉ፣ ምጽዋትን የሚተካ የሥራ ገቢ አስገኝቶላቸዋል። በመንገድ ዳር ጠባብ ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጦ ኩፖን የሚሸጠው ዓይነ ስውር ኑሮውን ሲመራበት፣ ከሽያጩ የሚተርፈው ገንዘብ ለትምህርት፣ ለብሬል፣ ማለትም በጣት ዳሰሳ ለሚነበበው የነጥብ ጽሕፈት፣ እንዲሁም ለመሪ ውሾች ሥልጠና ይውላል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው የኦንሴ ፋውንዴሽንም ድጋፉን ለሌሎች አካል ጉዳተኞች አዳርሷል። በአገራችንም ቶምቦላ፣ ማለትም በሽልማት ዕጣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ፣ የተለመደ በመሆኑ፣ አዘጋጆች የተሸጠውን ትኬት ብዛት፣ የሽልማቱን ወጪና ለተረጂዎች የደረሰውን ገንዘብ በይፋ ሊያሳውቁ ይገባል፤ ገዢውም ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት ይህንኑ ይጠይቅ።