ወኔ ብቻውን ብስክሌት አይነዳም

ብስክሌተኛ ዳገት ላይ ሲቀር ከዳር የሚሰማው ፍርድ አጭር ነው፦ «ወኔ የለውም!» አጥንቱ ቢሰበር ሐኪም ይጠራለታል፤ መንፈሱ ሲሰበር ግን የሚጠብቀው ተግሣጽ ነው። ይህ ፍርድ ስህተት ነው፤ ዋጋም ያስከፍላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተሰለፈበት ቱር ደ ፍራንስ በ23 ቀናት ውስጥ 21 ጊዜ ያወዳድራል። ርቀቱ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የዕረፍቱ ቀን ሁለት ብቻ ነው። ዛሬ ብስክሌት ላይ የሚገጠም መሣሪያ እግር የሚያወጣውን ኃይል በዋት ይለካል። ጋላቢው እንቅልፍ አጥቶ ማደሩን ግን አይናገርም።

ሆላንዳዊው ቶም ዱሙላን የ2017 የጂሮ ዲ ኢታሊያ አሸናፊ ነው። በጥር 2021 ላልተወሰነ ጊዜ ዕረፍት ወጣ። ቡድኑ፣ ደጋፊውና እሱ ራሱ የሚጠብቁት ነገር ተደራርቦ የገዛ ፍላጎቱ ጠፍቶበት ነበር። በዚያው ክረምት ተመልሶ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በግል የሰዓት ውድድር ብር አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ስፖርቱን ለቀቀ። ዕረፍት ተአምር አይደለም፤ ሰውየው ግን ውሳኔውን የወሰነው ራሱን አውቆ ነው።

ብሪታኒያዊው ማርክ ካቨንዲሽ በ2017 ኤፕስታይን ባር የተባለ ቫይረስ፣ በ2018 ደግሞ ድባቴ እንዳለበት በምርመራ ታወቀ። ብዙዎች አበቃለት አሉ። በ2021 በቱሩ አራት ጊዜ አሸነፈ። ሐምሌ 3 ቀን 2024፣ በ39 ዓመቱ፣ 35ኛ ድሉን አስመዝግቦ የኤዲ መርክስን ክብረ ወሰን ሰበረ። የሕመሙ ስም «ወኔ ማጣት» ተብሎ ቢቀር ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባበቃ ነበር።

«ስፖርት እኮ መከራ ነው፤ ያልቻለ ይውጣ» የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። ሥቃይን መቻል እንደ ጡንቻ በልምምድ ይጠነክራል። ነገር ግን ድካም ሁሉ አንድ አይደለም። ጤነኛ ድካም ሲያርፉበት ይለቃል። የማይለቀው፣ እንቅልፍ የሚነሳው፣ የሚወዱትን ብስክሌት የሚያስጠላው ድካም ግን ሌላ ነገር ነው። ከአቅም በላይ የሠለጠነ ሰውነት ብዙ ጊዜ የሚጮኸው በስሜት በኩል ነው። ስለዚህ አእምሮን ችላ ያለ አሠልጣኝ ሰውነትንም እየጎዳ ነው።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያትም እዚህ ላይ አይሠራም። ሁሉም ክለብ የሥነ ልቦና ባለሙያ መቅጠር አይችል ይሆናል። አንድ ደብተር ግን አያጣም። በየጠዋቱ «እንዴት አደርክ? እንቅልፍህስ? ልብህ ልምምዱ ላይ አለ?» ብሎ መልሱን መጻፍ፣ መልሱ ለሳምንታት ከከፋም ልምምዱን ቀንሶ ወደ ሐኪም መላክ። ልጁ እውነቱን የሚናገረው ግን በመናገሩ ከቡድን እንደማይቀነስ ሲያምን ብቻ ነው። ያ እምነት እስኪፈጠር ድረስ ብዙ ጎበዝ ልጅ «ወኔ የለውም» ተብሎ ዳገቱ ላይ ይቀራል።