«ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህስ?»

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት እናት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥታ ነበር። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ናት። ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጽፈው የቆየችውን ልብ ወለድ በአራት ደብተር ገልብጣ፣ በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ «ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህስ ወዴት ልውሰደው?» ጥቂት ቆይታ ደግሞ ዋናውን ጭንቀቷን ነገረችን። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላታል። ገንዘቡ የቤታቸውን ጣሪያ ለማደስ የታሰበ ነበር፤ ባለቤቷ ግን «መጽሐፍሽ ይቅደም» ብሏታል።

እንደዚህች እኅታችን ሁሉ የጻፉትን በሣጥንና በመሳቢያ ያስቀመጡ እናቶችና ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም። ለእርሷ የሰጠነው መልስ ለሌሎችም ይጠቅማል በማለት በዚህ ሳምንት አምዳችን አቅርበነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አሳታሚና ማተሚያ ቤት አንድ አለመሆናቸው ነው። አሳታሚ ረቂቁን መርምሮ ይሸጣል ብሎ ካመነበት ወጪውን ራሱ ይሸከማል፤ ለደራሲውም ድርሻውን ይከፍላል። ማተሚያ ቤት ግን በተከፈለው ልክ ያትማል፤ መጽሐፉ ቢሸጥም ባይሸጥም ሒሳቡን ተቀብሏል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ እየተቀበለና እያስገመገመ የብዙ ደራስያንን ሥራ ለአንባቢ አድርሷል። ያ ጊዜ አልፏል። በአሁኑ ጊዜ አሳታሚዎች ስሙ ላልታወቀ ሰው ገንዘባቸውን ለማውጣት ስለሚያመነቱ፣ ብዙው ጀማሪ ደራሲ በራሱ ገንዘብ አሳታሚም ሻጭም ለመሆን ይገደዳል። የዕቁቡ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ምክር ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ ከቤት ይውጣ የሚል ነው።

አራቱ ደብተሮች ሌላ ቅጂ እንደሌላቸው ስንሰማ ደንግጠናል። አንድ የእሳት ወይም የጎርፍ አደጋ የሦስት ዓመት ድካም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ረቂቁ በኮምፒዩተር ይተየብ፤ አንዱ ቅጂም ከቤት ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ከተተየበ በኋላ ከዋናው ጋር ማመሳከር የግድ ነው። በተለይ የሰዎችና የቦታዎች ስም በአንዱ ገጽ በ«ሐ»፣ በሌላው በ«ሀ» እንዳይጻፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ረቂቁ ቢያንስ ለሦስት ሰዎች ይሰጥ። ዘመድ «ግሩም ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከዘመድ ውጭ የሆኑ፣ ማንበብ የሚወዱና እውነቱን ለመናገር የማያፍሩ ቢሆኑ ይመረጣል። «ወደዳችሁት ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ «የቱ ጋ ደከማችሁ? የቱ ጋ አስቀመጣችሁት?» ማለቱ ይበልጥ ይጠቅማል። ሦስቱም በአንድ ቦታ ላይ ከደከሙ ጥፋቱ የአንባቢ አይደለም። ከዚህ በኋላ ለአርታኢ የሚከፈለው ገንዘብ አይባክንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቁጥሩ ለምሳሌ የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። 1,000 ቅጂ ለማሳተም 200,000 ብር ተጠየቀ እንበል፤ አንዱ መጽሐፍ 200 ብር ያወጣል ማለት ነው። የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ቢሆን «እጥፍ አተርፋለሁ» ያሰኛል። ነገር ግን አከፋፋዩ ከመቶ 35 ቢወስድ ለደራሲዋ የሚደርሳት 260 ብር ነው። ስለዚህ የማተሚያውን ወጪ ብቻ ለመመለስ 770 ያህል መጽሐፍ መሸጥ አለበት። ለዘመድና ለወዳጅ የሚሰጠው፣ ለተየበው፣ ላረመውና ሽፋኑን ለሠራው የሚከፈለው ገና አልታሰበም። ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ስለሚቀንስ «ጨምሪ» የሚል ምክር አይጠፋም። ሆኖም አልጋ ሥር የተከመረ መጽሐፍ ርካሽ አይባልም። በጥቂት ጀምሮ፣ ሲያልቅ መድገም ይሻላል።

ከማተሚያ ቤት ጋር የሚደረገው ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። የገጹ ብዛት፣ የወረቀቱና የሽፋኑ ዓይነት፣ የቅጂው ቁጥር፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ገጽ የጎደለበት መጽሐፍ ቢገኝ ማን እንደሚተካው ይገለጽ። ቢያንስ ከሦስት ቦታ ዋጋ መጠየቅ ጠቃሚ ነው። ለአከፋፋይ ሲሰጥም የተረከበውን ብዛት የሚገልጽ ፊርማ መቀበል ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ክፍያው ከሽያጭ በኋላ ነውና።

ስለ መብትም ጥቂት እንበል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ ነው፤ ከኅትመቱ የሚገኘው ጥቅምም በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግን ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል። በመጽሐፉ ጀርባ የሚታየው 13 አኃዝ ያለው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚጠየቀው ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሲታተምም በሕጉ የታዘዘው ቅጂ እዚያው ገቢ ይደረጋል። ድሮ ረቂቅ በሳንሱር ሳያልፍ አይታተምም ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። ይህ ሲባል ግን የሰው ስም ማጥፋት አያስጠይቅም ማለት አይደለም።

«ሴት ልጽፍ ብትል ማን ያነብላታል?» የሚሉ እኅቶችም ያጋጥሙናል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተሙት በ1942 ዓ.ም. ነበር። መንገዱ ከተከፈተ ቆይቷል።

ወደ እንግዳችን እንመለስ። ከባለቤቷ ጋር ተመካክረው ጣሪያው ክረምት ሳይገባ እንዲሠራ፣ ከዕቁቡ የሚተርፈው ለትየባና ለአርታኢ እንዲሆን ወሰኑ። ረቂቁ ተተይቦ ለሁለት የሥራ ባልደረቦቿና ለልጇ መምህርት ተሰጠ። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውላ ነበር። ሁለቱ የደከሙት በአንድ ቦታ፣ በሠርጉ ምዕራፍ ላይ ነው። ማታ ማታ እርሱን እንደገና እየጻፈች መሆኗን ነግራናለች።